መኪናው ይነሳና ወዲያው ይጠፋል? ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሰከንዱን ቁጠሩ

ቁልፉን ስታዞሩ ቆንጆ አድርጎ ይነሳል፣ ገና እጃችሁን ከቁልፉ ላይ ሳታነሱ ጸጥ ይላል። እንደገና ታስነሳላችሁ፣ ይነሳል፣ ይጠፋል። ይሄ ነገር ጭራሽ አልነሳም ካለ መኪና በላይ ያናድዳል፣ ተስፋ ሰጥቶ ስለሚነጥቅ። ሰው ደግሞ ሲናደድ ሚያደርገው ነገር ሁሌ አንድ ነው፣ የነዳጅ ፖምፓ ይገዛል፣ እሱ ካልሆነ ፊልትሮ፣ እሱም ካልሆነ ካንዴላ እያለ ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ አምስት አዲስ ዕቃ የገባለት ግን አሁንም ሚጠፋ መኪና ይዞ ይቀመጣል። እንደዚህ ገንዘባቸው ያለቀ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ይሄ ችግር በደንብ ካያችሁት ራሱ ነው ሚናገረው።

መጀመሪያ አንድ ነገር አስቡ። መኪናው ለአንድ ሰከንድም ቢሆን ከተነሳ ብዙ ነገር ደህና ነው ማለት ነው። ባትሪው ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ ሚያስነሳውን) አዙሯል፣ ሞተሪኖው ሰርቷል፣ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ሚታመቀው ግፊት) አለ፣ እሳት (የካንዴላው ብልጭታ) ነበረ፣ ነዳጅ ነበረ። ስለዚህ ጥያቄው "ምን ጎደለው?" አይደለም፣ "ሲነሳ የነበረ፣ ከተነሳ በኋላ ግን የቀረው ነገር ምንድነው?" ነው። በቃ ፍለጋው ሁሉ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው ያለው።

ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት

ስልካችሁን አውጡና ዳሽቦርዱን ቪዲዮ እየቀረጻችሁ አስነሱት። በዓይን ብቻ ካያችሁት ያልፋችኋል፣ ቪዲዮ ግን እየደጋገማችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ድምፁንም ይይዝላችኋል። ሶስት አራት ጊዜ አድርጉትና እነዚህን ነገሮች ያዙ፤ ከተነሳ በኋላ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ሁሌ እኩል ሰከንድ ነው ወይስ ይለያያል፣ ሲጠፋ ቁልፍ እንደዘጉት ቀጥ ብሎ ነው ወይስ እየተንተባተበ እየተንገዳገደ፣ ነዳጅ ስትሰጡት ይቆያል ወይስ ይብስበታል፣ የትኛው መብራት ብልጭ አለ። ሌላው ደግሞ ከመበላሸቱ በፊት መጨረሻ የተነካው ነገር ምን እንደነበር አስታውሱ። ባትሪ ተቀይሮ ነበር? ነዳጅ ተሞልቶ ነበር? የቁልፍ ቤት (የቁልፉ ፕላስቲክ ሽፋን) ተቀይሮ ነበር? ሞተር ታጥቦ ነበር? የዚህ መልስ ብዙ ጊዜ ግማሹን ስራ ይጨርስላችኋል።

አሁን በግምት እንዲህ አንብቡት። ሁሌ በ1 ወይ 2 ሰከንድ፣ ሁሌ እኩል፣ ቀጥ ብሎ ሚጠፋ ከሆነ ትዕዛዝ ነው ያጠፋው፣ ማለትም ኢሞቢላይዘር (ቁልፉን ካላወቀው ሞተሩን ሚያጠፋው የሌባ መከላከያ) ወይም የቁልፉ ስዊች። ከ3 እስከ 10 ሰከንድ ቆይቶ እየደከመ እየተንተባተበ ከጠፋ ነዳጅ አለቀበት። እግራችሁን ነዳጅ መስጫው ላይ ስታደርጉ ሚቆይ፣ ስታነሱ ሚጠፋ ከሆነ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጡት ሞተሩ ቀስ ብሎ ሚዞርበት) ጋ ነው ችግሩ፣ ማለትም አየር። ነዳጅ ስትሰጡት ጭራሽ ሚታፈን ከሆነ ደግሞ ወይ ነዳጅ በቂ አይደርሰውም፣ ወይ የአየር መለኪያው ይዋሻል፣ ወይ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ተዘግቷል። ይሄ ህግ አይደለም፣ አቅጣጫ ነው፣ ግን ከመገመት መቶ እጥፍ ይሻላል።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ደህንነት ትንሽ ልበል፣ እባካችሁ ይሄን አትዝለሉት። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሱ፣ ለሙከራ ለአንድ ደቂቃ ነው ብላችሁም አታስነሱ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሳታውቁት ነው ሚጥላችሁ። ነዳጅ ያለበትን መስመር ስትፈቱ ሲጋራ ምናምን አካባቢው ላይ አይኑር፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን። ሞተሪኖውንም ከ10 ሰከንድ በላይ አታስጩኹት፣ አንድ ደቂቃ አሳርፉት፣ ያለበለዚያ ሌላ ብልሽት ትጨምራላችሁ። እና ደግሞ "ነዳጅ እየሰጠሁት እነዳዋለሁ" ብሎ መንገድ መውጣት የለም፣ ሞተሩ መንገድ ላይ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም እርዳታው ቶሎ ያልቅና አንዴ ሁለቴ ከረገጣችሁ በኋላ ድንጋይ ይሆናል።

ቁልፉ መጀመሪያ

ብዙ ሰው ይሄን መጨረሻ ላይ ነው ሚያየው፣ እኔ ግን መጀመሪያ እዩት እላለሁ፣ ምክንያቱም ምርመራው ነጻ ነው፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅም።

ከ1990ዎቹ (በፈረንጆቹ) አጋማሽ ወዲህ በተሰሩ ብዙ መኪኖች ቁልፉ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለ። የሩዝ ፍሬ ታክላለች አንዳንዴ፣ ባትሪም የላትም። ቁልፉ ሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፣ እሱ ለቺፗ ኃይል ይሰጣታል፣ እሷ ደግሞ ኮዷን ትመልሳለች፣ የመኪናው ኮምፒውተር ኮዱን ካወቀው ይቀጥላል፣ ካላወቀው ይዘጋል። እዚህ ጋ ነው ልዩነቱ፣ አንዳንድ መኪና ኮዱን ካላወቀ ጭራሽ አይነሳም፣ አንዳንዱ ግን ለአንድ ሁለት ሰከንድ ያስነሳና ከዛ ኢንጀክተሮቹን (ነዳጅ ሚረጩትን) ይዘጋል። ለዚህ ነው ቀጥ ብሎ ሁሌ እኩል ሰከንድ ላይ ሚጠፋው፣ ብልሽት ሳይሆን ውሳኔ ስለሆነ።

ምልክቱ ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምስል ወይ መኪና ላይ ቁልፍ የተሳለበት መብራት ነው። ጤነኛ ሲሆን ቁልፉን ኦን ላይ ስታደርጉት ለትንሽ ሰከንድ በርቶ ይጠፋል። ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም በርቶ ከቀረ ጥርጣሬያችሁን እዛ አድርጉ። ከዛ ሌላውን ቁልፍ ሞክሩት። ሁለተኛ ቁልፍ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሰው ለሳምንት ሞተር ሲፈታ ይከርማል። ሌላ ደግሞ ቁልፋችሁን ከሌሎቹ ቁልፎች ለብቻው ለዩት፣ በተለይ ቺፕ ያለው ሌላ የመኪና ቁልፍ አብሮ ከታሰረ ሁለቱ ሊረባበሹ ይችላሉ። በቁልፍ ሳይሆን በተን ተጭናችሁ ምታስነሱት ከሆነ ደግሞ የእጅ ሪሞቱን እዛው በተኑ ላይ አስጠግታችሁ ሞክሩ፣ ብዙዎቹ ባትሪው ሲደክም በዚህ መንገድ ያነቡታል፣ የእናንተ መኪና ሌላ ቦታ ሊኖረው ስለሚችል ማንዋሉን እዩ።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የወንድሜ መኪና ቁልፉ ፕላስቲኩ ተሰብሮ አዲስ የቁልፍ ቤት ገዝቶ ቀየረለት፣ ብረቱን አወጣ፣ በተኖቹን አዛወረ፣ አሮጌውን ጣለው። በነጋታው መኪናው ይነሳል ይጠፋል። ፖምፓ ተቀየረ፣ ፊልትሮ ተቀየረ፣ ፊውዝ ሁሉ ተነቀለ። በሶስተኛው ቀን ነው "መጨረሻ ምን ነካችሁ?" ብዬ የጠየቅኩት፣ ቁልፉን ሲያነሳልኝ ገባኝ። ቺፗ አሮጌው ፕላስቲክ ውስጥ ተጣብቃ ቀርታ ነበር። ደግነቱ ቆሻሻው ገና አልተደፋም ነበርና ፈልገን አገኘናት፣ አዲሱ ቤት ውስጥ ስናስገባት መኪናው ተነስቶ ሳይጠፋ ቆየ፣ እስከዛሬ ይሰራል።

ኢሞቢላይዘሩ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ከዛ በኋላ ያለው ስራ ኮዱን በመሳሪያ ማስመዝገብ ነው፣ ወይም ያንን ቀለበት ሽቦና ሶኬቱን ማየት። ኮምፒውተሩ ከሌላ መኪና ተወስዶ የተተካ ከሆነም ይሄው ምልክት ይመጣል፣ የማያውቀው ቁልፍ ስለሆነ።

ቁልፉን ስትለቁት ቅጽበት ከጠፋ

እዚህ ላይ ጆሯችሁንና እጃችሁን አንድ ላይ ተጠቀሙ። ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ይነሳል፣ ቁልፉን ስትለቁት ከስታርት ወደ ኦን ይመለሳል፣ ልክ በዛች ቅጽበት ከጠፋ ሰከንድ እንኳን ሳይቆይ፣ ችግሩ የቁልፉ ስዊች የኦን ነጥብ ላይ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ማለት ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ኦን ላይ እያለ በትንሹ ወዲህ ወዲያ አነቃንቁት፣ የዳሽቦርዱ መብራት ከጠፋ ከበራ መልሱ እሱ ነው። ቁልፍ ላይ አስር ነገር አንጠልጥሎ መንዳት ይሄን ስዊች ይበላዋል፣ ክብደቱ።

ፑንቲና (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ ሚቆራርጥ መገናኛ) ያላቸው የድሮ መኪኖች ላይ ደግሞ የሚያምር አንድ ብልሽት አለ። ቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሚሰራው) ሲነሳ ኤሌክትሪክ ሚያገኘው በቀጥታ ከባትሪው ነው፣ ምክንያቱም ሞተሪኖው ሲዞር የባትሪው ቮልቴጅ ወደ 10 ምናምን ስለሚወርድ ቦቢናው እንዳይደክም ነው። ቁልፉ ሲመለስ ግን ኤሌክትሪኩ በአንድ ሬዚስተር በኩል ያልፋል፣ ነጭ የሸክላ ነገር ነው ብዙ ጊዜ፣ ቦቢናው እንዳይቃጠል ቮልቴጁን ይቀንሳል። ይሄ ሬዚስተር ከተበጠሰ መኪናው ሁሌ ይነሳል፣ ሁሌ ቁልፉ ሲለቀቅ ይጠፋል። በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኩት፣ ብዙዎቹ 1 ወይ 2 ኦም አካባቢ ናቸው፣ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። በሽቦ አገናኝቶ ለመሞከር ለትንሽ ደቂቃ ይቻላል፣ እንደዛ አድርጎ መተው ግን ቦቢናውንም ፑንቲናውንም ያቃጥላል።

ነዳጅ

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚወደው ክፍል መጣን። መጀመሪያ ነዳጅ መኖሩን አረጋግጡ፣ አትሳቁ፣ የነዳጅ መለኪያ ጌጅ ይዋሻል፣ ጥቂት ሊትር ጨምሩና ሞክሩ። ከዛ ጸጥ ባለ ቦታ ቁልፉን ኦን ብቻ አድርጉት፣ ሳታስነሱ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከኋላ ታንኩ ጋ ጆሮውን ያስጠጋ። በብዙ ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ፖምፓው ለ2 ሰከንድ ገደማ ዝዝዝ ብሎ ይቆማል። እሱ ነው መስመሩን ግፊት ሚሞላው። ከዛ ሞተሩ መዞሩን ኮምፒውተሩ ካላየ ይዘጋዋል፣ አደጋ ቢደርስ ነዳጅ እንዳይረጭ ነው።

አሁን ሙከራው። ቁልፉን ኦን፣ ኦፍ፣ ኦን፣ ኦፍ እያላችሁ አራት ጊዜ ድምፁን ስሙት፣ ከዛ አስነሱት። ከበፊቱ በላይ ከቆየ፣ ለምሳሌ 2 ሰከንድ የነበረው 6 ከሆነ፣ ሞተሩ ሚነሳው ቀድሞ በተሞላው ግፊት ብቻ ነው፣ ከተነሳ በኋላ ፖምፓው እየሰራ አይደለም ወይ በቂ አይሰጥም ማለት ነው። እዚህ ሰው ፖምፓውን ይገዛል። ቆይ! ፖምፓው ኤሌክትሪክ እየደረሰው ነው ወይ? ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን ሚከፍትና ሚዘጋ ትንሽ ሳጥን) አውጡትና ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ሌላ ሪሌ ጋር ቀያይሩት፣ የክላክሱ ሪሌ ብዙ ጊዜ አንድ አይነት ነው። ከዛ ሞተሩ ለትንሽ ሰከንድ በሚቆይበት ጊዜ ፖምፓው ሶኬት ላይ ቴስተር አድርጉ፣ ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ቮልቴጁ ቀድሞ ከወደቀ ችግሩ ሪሌ፣ ሽቦ ወይ ትዕዛዝ ነው፣ ቮልቴጁ እንዳለ ሆኖ ሞተሩ ከጠፋ ፖምፓው ወይ ፊልትሮው ላይ ናችሁ። ይቺን አንዲት ልኬት የሰራ ሰው ስንት የማያስፈልግ ፖምፓ ከመግዛት ይድናል።

የ1970ዎቹና 80ዎቹ (በፈረንጆቹ) አንዳንድ ኢንጀክሽን መኪኖች ላይ አስገራሚ ነገር አለ። አየር መለኪያው ውስጥ አየር ሲገባ ሚከፈት በር አለ፣ የፖምፓው መገናኛም እዛው ውስጥ ነው። ሲነሳ ፖምፓውን ሚያሰራው የሞተሪኖው ሲግናል ነው፣ ከተነሳ በኋላ ግን በሩ ተከፍቶ መቆየት አለበት። ከመለኪያው በኋላ ያለው ጎማ ቱቦ ከተቀደደ አየሩ በቀዳዳው ይገባና በሩ አይከፈትም፣ ፖምፓው ይቆማል። ስለዚህ የነዳጅ ችግር ሚመስለው ነገር በተቀደደ የአየር ቱቦ ይመጣል።

የግፊት ጌጅ ካገኛችሁ ሁሉን ያሳምርላችኋል። ማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ሚያስገባው ክፍል) ውስጥ ሚረጩ ኢንጀክተሮች ያሉት ሞተር በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ባር ነው ሚፈልገው፣ ማለትም ወደ 45 እስከ 60 ፒኤስአይ፣ የራሳችሁን መኪና ልክ ግን ከማንዋሉ አረጋግጡ። ጌጁን ስታዩ ሚገባችሁ ነገር ይሄ ነው፤ ቁልፍ ኦን ሲሆን ጥሩ ከሆነና ሞተሩ ሲነሳ ቀስ እያለ ከወረደ ፊልትሮው ወይ ፖምፓው ላይ ያለው ማጥለያ ደፍኗል፣ መጀመሪያውኑ ዝቅ ካለ ፖምፓ ወይ የግፊት መቆጣጠሪያ። በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ሚረጭ ሞተር ከሆነ ግን የከፍተኛ ግፊት መስመሩን በእጃችሁ አትፍቱ፣ እዛ ያለው ግፊት ከ100 ባር በላይ ሊሆን ይችላል፣ ቆዳ ይበሳል። በማንኛውም መኪና መስመር ከመፍታታችሁ በፊት የፖምፓውን ፊውዝ አውጡና ሞተሩን እስኪጠፋ አስነሱት፣ ግፊቱ ይወርዳል።

ሌላ ሙከራ አለ፣ አንድ ሰው ያስነሳል፣ ሌላው በአየር መግቢያው የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ በአጭር በአጭሩ ይረጫል። እየረጫችሁ እስካለ ድረስ ሚኖር፣ ስታቆሙ ሚጠፋ ከሆነ እሳት አለ ነዳጅ ነው የጎደለው። ግን ተጠንቀቁ፣ ይሄ ነዳጅ እንደማይደርስ እንጂ ለምን እንደማይደርስ አይነግራችሁም፣ ኢሞቢላይዘር ኢንጀክተሩን ከዘጋም ያው ውጤት ታያላችሁ፣ ለዚህ ነው ቁልፉን መጀመሪያ ያልኳችሁ። እሳት አደጋም ስላለው በጣም ትንሽ ትንሽ፣ ፊታችሁን አርቃችሁ። ናፍጣ ሞተር ላይ ግን በፍጹም አትሞክሩት።

ከሞላችሁ በኋላ ወዲያው የጀመረ ችግር ከሆነ ሁለት ነገር አስቡ። አንዱ ውሃ የገባበት ነዳጅ፣ በግልጽ ጠርሙስ ትንሽ ቀድታችሁ አስቀምጡት፣ ውሃው ከታች ይተኛል። ሁለተኛው የታንኩን ትነት ወደ ሞተር ሚያስገባው የፐርጅ ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ከማኒፎልዱ ሚመጣውን ቱቦውን ነቅላችሁ ቀዳዳውን በጣታችሁ ዝጉና አስነሱ፣ ከቆየ አገኛችሁት።

ነዳጅ ሲሰጡት ይቆያል፣ ሲለቁት ይጠፋል

በጣም የተለመደው ይሄ ነው፣ ደስ ሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕቃ አይጠይቅም። እግራችሁን ስታነሱ ትሮትል ቦዲው (የሞተሩ አየር መግቢያ) ውስጥ ያለችው በር ትዘጋለች፣ ሞተሩ ሚተነፍሰው በቀረችው ጠባብ ክፍተት ወይም በሚኒሞ ቫልቩ ነው። ጥቁር ጥላሸት እዛ ጠርዝ ላይ ሲጋገር ክፍተቷ ትዘጋለች፣ ሞተሩ ይታፈናል። ወደ 1500 አርፒኤም ይዛችሁት በሰላም ከሰራ እዚህ ናችሁ።

የአየር ቱቦውን ፈትታችሁ በባትሪ ብርሃን እዩት፣ ጥቁር ከሆነ በትሮትል ማጽጃና በጨርቅ አጽዱት፣ ሞተሩ ጠፍቶ። በሽቦ ሚሳብ ከሆነ በሩን በእጅ ከፍታችሁ ከኋላዋም አጽዱ፣ በኤሌክትሪክ ሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን በኃይል አትግፏት፣ ጥርሱን ትሰብራላችሁ፣ ቁልፉም ኦፍ ይሁን። የድሮው አይነት ለብቻው ያለ የሚኒሞ ቫልቭ ካለው በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ሚኒሞው ከተለወጠ ቫልቩ ተጣብቋል። እና ይሄን አስታውሱ፣ ካጸዳችሁ በኋላ ወይም ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ሚኒሞ ሊበላሽ ይችላል፣ ኮምፒውተሩ የለመደውን ቦታ ስለረሳ ነው፣ አንዳንዱ ለትንሽ ደቂቃ ሲሰራ ራሱ ይማራል፣ አንዳንዱ የራሱ አሰራር ወይ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር ሚያነብ መሳሪያ) ይፈልጋል። ይሄን የማያውቅ ሰው "አጽድቼው ባሰበት" ብሎ አዲስ ትሮትል ቦዲ ይገዛል።

ከዛ ደግሞ ያልተቆጠረ አየር አለ። የአየር ፍሰት ሴንሰር ያለው መኪና ከሴንሰሩ በኋላ ባለ ቀዳዳ ሚገባውን አየር አያውቀውም፣ ነዳጁን አሳንሶ ይሰጣል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ሴንሰሩ ማኒፎልድ ውስጥ ያለውን ግፊት ሚለካ አይነት ከሆነ ግን ያው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ሚኒሞውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ስለዚህ መኪናችሁ የትኛውን እንደሚጠቀም እወቁ። ሲስስስ ሚል ድምፅ ስሙ፣ የቱቦውን እጥፋቶች ውስጣቸውን ዘርግታችሁ እዩ፣ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ እጥፋት ውስጥ ነው ሚደበቀው፣ የፍሬኑን ትልቁን ቱቦ፣ የዘይት ትነት ቱቦውን፣ የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን (መገጣጠሚያው ላይ ያለውን ማሸጊያ)። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ ሞተሩ ከተሻለው ቀዳዳው በዛ መስመር ነው፣ ጎማውን እንዳትቆርጡት በጨርቅ ጠቅልላችሁ።

የአየር ፍሰት ሴንሰሩን ራሱን ለመሞከር ሶኬቱን ንቀሉና አስነሱ። ኮምፒውተሩ በግምት መስራት ይጀምራል፣ ነቅላችሁት ከቆየ ሴንሰሩ ወይ ሽቦው ወይ ያ ቱቦ ነው። በራሱ ማጽጃ ብቻ እጠቡት፣ በጨርቅ አትንኩት፣ ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናል።

ያልተለመዱ ግን ሚያደክሙ

ጠዋት ብርድ ሲሆን ብቻ ሚጠፋ፣ ሲሞቅ ሚስተካከል ከሆነ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ተጠራጠሩ። ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ ስካነሩ 80 ዲግሪ ካነበበ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የሞቀ መስሎት ነዳጅ ይቀንስበታል፣ ያደረ ሞተር ላይ ንባቡ ከአካባቢው አየር ጋር መቀራረብ አለበት። በቴስተር ስትለኩ ብዙዎቹ 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም ናቸው። በተቃራኒው ሲሞቅ ብቻ ከሆነ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ ሚነግረው)፣ ሲጠፋ የአርፒኤም መርፌውን እዩት፣ ሞተሩ ገና እየዞረ መርፌዋ ቀድማ ዜሮ ላይ ከወደቀች ጥርጣሬው እሱ ላይ ይሁን።

ማርሚታ የተዘጋ መኪና ይነሳል፣ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ይታፈናል። መጨረሻው ላይ እጃችሁን ራቅ አድርጋችሁ አየሩን ስሙት፣ ደካማ ከሆነ ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የፊተኛውን ኦክስጅን ሴንሰር ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ፍቱና አስነሱት፣ ይጮሃል ግን በሰላም ከሰራ ካታሊቲኩ (ጭሱን ሚያጸዳው ክፍል) ደፍኗል። ኢጂአር ቫልቭ (ጭሱን በከፊል ወደ ሞተሩ ሚመልሰው) ተከፍቶ ቀርቶም የተቃጠለ ጋዝ ሚኒሞ ላይ ሲገባ ያጠፋዋል።

ካርቡሬተር ላይ ፍለጋው አጭር ነው። ቾክ (ለማስነሳት አየር ሚቀንሰው በር) ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል ወይ? ቾኩን ትንሽ ስትስቡት ሚኖር፣ ስትመልሱት ሚጠፋ ከሆነ ነዳጅ ያንሰዋል ወይ አየር ያስገባል። ሚኒሞ ሚዘጋ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ሚንቀሳቀስ ቫልቭ) ካለው ቁልፍ ኦን ስታደርጉ ቀጭ ማለት አለበት፣ ዝም ካለ ኤሌክትሪክ አይደርሰውም ወይ ሞቷል። ቀጭ እያለ ከጠፋ የሚኒሞው ጂግለር (ነዳጅ ሚያልፍባት ትንሽ ቀዳዳ) ደፍኖ ይሆናል፣ አውጥታችሁ በአየር ንፉት፣ በሽቦ አትውጉት።

ናፍጣ ላይ ደግሞ ወንጀለኛው ብዙ ጊዜ አየር ነው። ፖምፓው ውስጥ በቀረችው ናፍጣ ይነሳል፣ አየሩ ሲደርስ ይጠፋል፣ በተለይ ሌሊቱን ቆሞ ጠዋት ከሆነ። የእጅ ፖምፓውን እስኪጠነክር ምቱና አስነሱ፣ ከቆየ አየር ሚያስገባ ቦታ አለ። ከፊልትሮው በኋላ ለጊዜው ግልጽ ቱቦ ግጠሙ፣ አረፋ ካያችሁ ወደ ታንኩ እየሄዳችሁ መገጣጠሚያዎቹን እዩ፣ ናፍጣ ሳይፈስም አየር ሊገባ ይችላል፣ መሳብ ስለሆነ። ፊልትሮው ከተቀየረ በኋላ ከጀመረ ጎማ ቀለበቷን መጀመሪያ እዩ። በሜካኒካል ፖምፓ ላይ ያለው ማጥፊያ ሶሌኖይድም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ቀጥ አድርጎ ያጠፋል፣ ሽቦው መላላቱን እዩ።

ስካነር ካላችሁ፣ ለአሜሪካ ገበያ ከ1996 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የተሰሩት ሁሉ ባለ 16 ቀዳዳውን ሶኬት አላቸው፣ ኮዱን አንብቡ ግን ኮድ ዕቃ ግዙ አይልም። ፒ 0171 ማለት ድብልቁ ነዳጅ አነሰው ነው እንጂ ኦክስጅን ሴንሰር ቀይሩ አይደለም፣ ያ የተቀደደ ቱቦ ወይም የደከመ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። ፒ 0505 ሚኒሞ፣ ፒ 0335 የክራንክ ሴንሰር መስመር። ኮድ ከሌለም አትደናገጡ፣ በ2 ሰከንድ ውስጥ ሚጠፋ ሞተር ብዙ ጊዜ ኮድ ለመመዝገብ ጊዜ አይሰጥም።

አገኘሁት ብላችሁ ስታስተካክሉ ደግሞ አንዴ ስለተነሳ ብቻ አትመኑት። ኮዱን አጥፉ፣ አሳድሩት፣ ጠዋት ሳይነካ አስነሱትና ቪዲዮውን እንደገና ቅረጹ። ኤሲውን ክፈቱ፣ ትልቁን መብራት አብሩ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሩ፣ ነዳጅ ሰጥታችሁ ድንገት ልቀቁት። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ሚኒሞው ሳይንገዳገድ ከቆየ፣ ከመጀመሪያው ቪዲዮ ጋር አስተያዩትና ኮፈኑን ዝጉ።